ያልተሟላው ዶዝ፦ አንድ የኤችፒቪ ክትባት ፊጂ ላይ ምን አሳየ?

ኅዳር 2017 ዓ.ም. የማህፀን በር ካንሰር ክትባት፣ ማለትም ካንሰሩን የሚያመጣውን ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ የሚከላከለው፣ በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ ጎረቤቴ በር ላይ አስቁማኝ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ትልቋ ልጄ እኮ ሁለት ጊዜ ነው የተወጋችው። ለትንሿ ግን አንዴ ወግተዋት በቃ አሉን። ክትባቱ አልቆባቸው ነው? ወይስ ለድሃ አገር ተብሎ ተቀነሰ?"

የእናት ጥያቄ ነው። ተገቢም ነው። ክትባቱ አገራችን ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት ዶዝ ነበር። በኅዳሩ ዘመቻ ግን ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ፣ በቁጥር ከ7 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ልጃገረዶች አንድ አንድ ዶዝ እንዲሰጥ ተወሰነ። እኔም እዚያው እንደቆምኩ "የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ይበቃል ብሏል" አልኳት። እሺ አለችኝ፣ ግን እንዳልተዋጠላት ፊቷ ላይ ያስታውቃል። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልተዋጠልኝም። ይበቃል ያሉት ምን አይተው ነው? የማን ልጅ ላይ ነው የታየው?

በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነብ መልሱ ከአንድ ቦታ እንዳልመጣ ገባኝ። ከሁሉም ልቤን የያዘው ግን የፊጂ ታሪክ ነው። ሰው የታቀደውን ሙሉ በሙሉ መፈጸም ሳይችል ሲቀር "ከሸፈ" ብሎ ዶሴውን ይዘጋል። ፊጂ ላይ ዶሴው አልተዘጋም። ለዚህ ነው እዚህ በዝርዝር የምጽፈው።

ፊጂ ደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተበተነች አገር ናት። ከ300 በላይ ደሴቶች አሏት፤ ሰው የሚኖርባቸው መቶ ያህል ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. የተደረገው ቆጠራ ሕዝቧን 884,887 ብሎታል። አብዛኛው ሰው ቪቲ ሌቩ እና ቫኑዋ ሌቩ በሚባሉት ሁለት ትልልቅ ደሴቶች ላይ ይኖራል። ሌላው ከእነዚህ በጀልባና በመርከብ በሚደረስባቸው ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው። ሁለት ትልልቅ ማኅበረሰቦች አሉ፦ ኢታውኬይ የሚባሉት የአገሩ ነባሮች፣ እና እንግሊዞች ከ1879 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ከሕንድ ያመጧቸው ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች።

ይቺ ትንሽ አገር በማህፀን በር ካንሰር ክፉኛ ተጎድታለች። ከ2004 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ባሉት አራት ዓመታት ብቻ ከ400 በላይ ሴቶች በሽታው እንዳለባቸው ታውቋል። አንድ ሚሊዮን ለማይሞላ ሕዝብ ይህ ብዙ ነው። ከጎረቤቷ ከአውስትራሊያ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የብዙ እጥፍ ነው። ከሁለቱ ማኅበረሰቦች ደግሞ የነባሮቹ ሴቶች ይበልጥ ይያዛሉ።

ለምን ይህን ያህል? ካንሰሩ እኮ በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። ቫይረሱ ገብቶ፣ ሰውነት ሳያስወግደው ቀርቶ፣ የማህፀን በር ሴሎች መለወጥ ጀምረው፣ ካንሰር እስኪሆን ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ መያዝ ይቻላል። አውስትራሊያ የያዘችው በዚህ ነው፤ ሴቶቿን ለአሥርት ዓመታት በየጊዜው ፓፕ በሚባለው ምርመራ እያየች።

አሁን ይህን ምርመራ ደሴት ላይ አስቡት። ነርሷ ከማህፀን በር ናሙና ትወስዳለች፣ መስታወት ላይ ትቀባለች፣ መስታወቱ በጀልባ ወደ ዋናው ደሴት ይሄዳል። እዚያ በማይክሮስኮፕ ሴል አይቶ የሚለይ ባለሙያ ይኖር እንደሆነ ይታያል። ሳምንታት ያልፋሉ። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ሴትየዋ ተፈልጋ ተጠርታ፣ ልጆቿን ለሰው ትታ፣ የመርከብ ከፍላ እንደገና ትመጣለች። አንዷ ሰንሰለት ከተበጠሰች ሁሉም ከንቱ ነው። ምርመራው ራሱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚገድለው መንገዱ ነው።

የዘገየችው ሴት ዕጣ ደግሞ ይብሳል። ካንሰሩ ከማህፀን በር አልፎ ከተስፋፋ ዋናው ሕክምና ጨረር ነው፤ ከኬሞ ጋር፣ በየቀኑ፣ ለአምስት ሳምንት ያህል። ፊጂ ለረጅም ዘመን የጨረር ሕክምና መስጫ አልነበራትም። ፓስፊክ ውስጥ ኒው ካሌዶኒያና የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ቢኖራቸውም እነሱ ከፈረንሳይ ጋር የተያያዙ ናቸው። የፊጂዋ ሴት ወደ ሕንድ፣ ወደ ኒውዚላንድ ወይም ወደ አውስትራሊያ መሄድ ነበረባት። መንግሥት የሚረዳው ለተወሰኑት ነው። ሌላዋ ወይ ዘመድ አዝማድ ያዋጣላታል፣ ወይ ቤቷ ትቀራለች።

ይህን ስጽፍ የሚታየኝ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወረፋ ነው። እኛም ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዘን የጨረር ሕክምና ያለው እዚያ ብቻ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ኖረናል። ከወለጋም ከጎንደርም የመጣች ሴት እዚያው ነው ተራ የምትጠብቀው። ስለዚህ የደሴቷ ሴት ችግር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የእሷ ባሕር ነው፣ የእኛ የብስ ነው።

እንግዲህ በ2008 እ.ኤ.አ. ፊጂ የኤችፒቪ ክትባት በልገሳ አገኘች። ያን ጊዜ ክትባቱ ገበያ ላይ ከዋለ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። የቫይረሱን ከዚህ ካንሰር ጋር መያያዝ ያሳዩት ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን የኖቤል ሽልማት የተሸለሙትም በዚያው ዓመት ነው። ዋጋው ግን አይቀመስም፤ በፕሮግራም የሚሰጠው በአብዛኛው ሀብታም አገር ነበር። ፊጂ ደግሞ መሀል ላይ የቀረች አገር ናት። ጋቪ የተባለው ድርጅት ያኔ ክትባት በርካሽ የሚያቀርበው በጣም ድሃ ለሆኑ አገሮች ነበር፤ ፊጂ ገቢዋ ከዚያ ስለሚበልጥ አልተመለከታትም። ከገበያው እንዳትገዛ ደግሞ አቅም አልነበራትም። ብዙ ትንንሽ ደሴት አገሮች እዚህ ላይ ነው የሚቀረቀሩት። በወረቀት ላይ "መካከለኛ ገቢ" ይባላሉ፣ አንድ አውሎ ነፋስ ሲመታቸው ግን የዓመት በጀታቸው ይሄዳል።

በ2008 እና በ2009 እ.ኤ.አ. ከ9 እስከ 12 ዓመት ያሉ ከ30,000 በላይ ልጃገረዶች ተከተቡ። የያኔው መመሪያ ሦስት ዶዝ ይላል፦ የመጀመሪያው፣ ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛው፣ ከስድስት ወር በኋላ ሦስተኛው።

ሦስት ዙር ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ቫክሲን ካሪየር የሚባለውን የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን ተሸክሞ የሄደ ሰው ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። ሲሞቅ ይዳከማል። ሲቀዘቅዝ ይብሳል፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ይጣላል። ስለዚህ ሣጥኑን የሚያቀዘቅዘው አይስ ፓክ፣ ውሃ ተሞልቶ በረዶ የሆነው ዕቃ፣ ከፍሪዘር እንደወጣ ዝም ብሎ አይገባም። ውስጡ ያለው ውሃ ሲናወጥ እስኪሰማ ድረስ ውጭ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው ክትባቱ አጠገብ የሚደረገው። ጀልባ ይጠበቃል። ማዕበል ካለ አይወጣም። መንደር ሲደረስ እንግዳ ያቆና የሚባለውን ሥር ይዞ ለመንደሩ ሽማግሌዎች ማቅረብና መፍቀዳቸውን መጠበቅ የአገሩ ወግ ነው፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሳያናግሩ መንደር ውስጥ ሥራ እንደማይጀመረው ማለት ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ሰልፍ፣ ስም መጥራት። አንዷ አሟታል። አንዷ ወደ አክስቷ ደሴት ሄዳለች። አንዷ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ መጥታለች። በሚቀጥለው ዙር ሌሎች ይጎድላሉ።

እንደዚያም ሆነ። ከታሰቡት ልጃገረዶች ቢያንስ አንድ ዶዝ ያገኙት ከ60 በመቶ በላይ ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል ግን አንድ ብቻ ወስደው የቀሩ አሉ፣ ሁለት ወስደው የቀሩም አሉ። በጊዜው መለኪያ እነዚህ "ያላጠናቀቁ" ናቸው። ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ጉድለት ነው።

ጉድለቱን ወደ እውቀት የለወጠው ደግሞ ማን ስንት እንደወሰደች ለይቶ ማወቅ መቻሉ ነው። ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ክትባት የሰጠ ሰው ግን ያውቀዋል፤ በዘመቻ ጥድፊያ መጀመሪያ የሚሞተው መዝገብ ነው። "30 ተከተቡ" ተብሎ ድምሩ ይላካል፣ የልጅቷ ስም ይቀራል። ስሟ ከቀረ ከስድስት ዓመት በኋላ ማንም አያገኛትም።

ፊጂ ላይ ተገኙ። የፊጂ ጤና ሚኒስቴርና ሜልበርን ያለው የመርዶክ የሕፃናት ምርምር ተቋም ባለሙያዎች፣ ከክትባቱ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆኑ 200 ልጃገረዶችን አሰባሰቡ። በአራት ከፈሏቸው፦ ምንም ያልወሰዱ፣ አንድ የወሰዱ፣ ሁለት የወሰዱ፣ ሦስት የወሰዱ። በየቡድኑ የነባሮቹና የሕንድ ዝርያ ያላቸው ልጆች ቁጥር ተቀራራቢ እንዲሆን ተደረገ። ይህን ወድጄዋለሁ፤ በሽታው በእኩል በማያጠቃቸው ሁለት ማኅበረሰቦች መሀል የአንዱን ደም ብቻ አይቶ ለሁሉም መናገር ልክ አይመጣም።

ደም ተቀዳ። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንቲቦዲያቸው፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመመከት የሚያመርተው ነገር፣ ተለካ። ሁለት ዶዝና ሦስት ዶዝ በወሰዱት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። አንድ ዶዝ የወሰዱት ዝቅ ያለ ነበር፣ ይህ መደበቅ የለበትም። ግን ምንም ካልተከተቡት ጋር ሲተያይ ከ5 እስከ 30 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ!

ከዚያ ሌላ ነገር አደረጉ። ለሁሉም አንድ ተጨማሪ ክትባት ሰጧቸውና ከ28 ቀን በኋላ እንደገና ደም ቀዱ። በዋናዎቹ ሁለት የቫይረሱ ዓይነቶች፣ በ16 እና በ18 ላይ፣ ቀድሞ አንድ የወሰደችውም ሁለት የወሰደችውም ሦስት የወሰደችውም ተቀራርበው ተገኙ። ሰውነት አልረሳም ማለት ነው። በዘጠኝ ዓመቷ አንዴ ያሳዩትን ጠላት፣ በ15 ዓመቷ ሲያዩት አወቀው። ጥናቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ታተመ። እነዚህ ሁለት ዓይነቶች በዓለም ላይ ካለው የማህፀን በር ካንሰር ወደ 70 በመቶ የሚሆነውን ያመጣሉ።

ይህ ክትባት ለምን እንዲህ ይጠነክራል? ውስጡ ቫይረስ የለም። ያለው የቫይረሱ ቅርፊት ብቻ ነው፣ ባዶ ቀፎ ማለት ይቻላል። ዘዴውን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ብሪዝበን ላይ የደረሱበት ኢያን ፍሬዘርና ጂያን ዡ ናቸው። ቀፎው ላይ አንድ ዓይነት ቅርጽ ተደጋግሞ ተደርድሮ ስለሚታይ ሰውነት እውነተኛ ቫይረስ የመጣበት ያህል ይነሣል። ለዚያ ነው ለረጅም ዘመን አንቲቦዲ የሚያመርቱ ሴሎች ሰውነት ውስጥ የሚቀሩት።

ግን አንቲቦዲ አለ ማለት በሽታው አይይዝም ማለት አይደለም። ሐቀኛ ተመራማሪ እዚህ ላይ ይጠነቀቃል፤ የ2017ቱም ጥናት አድራጊዎች ይህንኑ ብለዋል። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ፦ ልጃገረዶቹ አድገው፣ ትዳር ይዘው፣ ቫይረሱ ገባባቸው ወይስ አልገባባቸውም?

ይህን ለማወቅ ወደ ነፍሰ ጡሮች ተሄደ። ለምን? ቫይረሱ የሚተላለፈው በወሲብ ነው። ወጣት ሴት ቤቷ ድረስ ሄደህ "ወሲብ ጀምረሻል?" ብለህ ናሙና ልውሰድ ብትል፣ ቤተሰብ የሚጠነክርበትና ቤተ ክርስቲያን የሚደመጥበት አገር ላይ በር ይዘጋብሃል። እኛም ዘንድ ያው ነው። ለእርግዝና ክትትል የመጣች ሴት ግን ራሷ ጤና ተቋም ነች፣ ጥያቄውም አያስፈልግም። ቀላል ዘዴ ነው፤ ሰው የሚያከብርም ነው።

ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጣ። ክትባቱን ከወሰዱ ስምንት ዓመት ካለፋቸው ወጣት ነፍሰ ጡሮች መካከል፣ አንድ ዶዝ ብቻ የወሰዱት በ16 እና በ18 ዓይነቶች የመያዝ ዕድላቸው ካልተከተቡት ወደ 80 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ያኔ "አላጠናቀቁም" የተባሉት ልጆች ናቸው እነዚህ።

ፊጂ ብቻዋን ዓለምን አሳመነች አልልም። እንዲህ ያለ ጥናት፣ ሰው በዕጣ ሳይመደብ ያለውን መዝግቦ የሚያይ፣ ብቻውን አይበቃም። አንድ ዶዝ የወሰደችው ከሦስት ዶዟ ልጅ በሌላ ነገርም ልትለይ ትችላለች፤ በኑሮ፣ በሰፈር። ኮስታ ሪካ ላይም ሕንድ ላይም ተመሳሳይ ነገር ነበር። ሕንድ ላይ ጥናቱ በ2010 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ትእዛዝ ሲቋረጥ ብዙ ልጃገረዶች አንድ ዶዝ ላይ ቀሩ፣ እነሱንም ዝም ብለው አልተዉአቸውም፣ ለዓመታት ተከተሏቸው። ከዚያ ኬንያ ላይ በዕጣ የተመደቡ ከ2,000 በላይ ወጣት ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት መጣና ነገሩን ለብዙ ባለሙያ ቆረጠው። የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች ሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. አንድ ዶዝ አማራጭ ሊሆን ይችላል አሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ድርጅቱ መመሪያው ውስጥ አስገባው።

ጎረቤቴ "ለድሃ አገር ተብሎ" ላለችውም መልስ እዚህ አለ። አውስትራሊያ፣ ክትባቱ የተጸነሰባት አገር፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ለልጆቿ ወደ አንድ ዶዝ ወርዳለች። እንግሊዝም በዚያው ዓመት። በቂ ሆኖ ስላገኙት ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለና በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ልጃገረዶች ግን አንድ አይበቃቸውም፤ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ነው የሚመከረው። ልጃችሁ በዚህ ውስጥ ከሆነች ለጤና ባለሙያው ንገሩት።

ለደሴት አገር አንድ ዶዝ ማለት ሦስት ጊዜ የሚወጣው ጀልባ አንዴ ብቻ ወጣ ማለት ነው። ነዳጁ፣ አበሉ፣ በረዶው፣ ከጤና ጣቢያ የምትጎድለው ነርስ፣ ሁሉም። ፊጂ በ2013 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ድጋፍ ክትባቱን መደበኛ ፕሮግራሟ ውስጥ አስገብታ ስምንተኛ ክፍል ላሉ ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። የፓስፊክ ደሴቶች ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒሴፍ በኩል ክትባት በጋራ የሚገዙበት አሠራርም አላቸው፤ ለየብቻ ሲጠይቁ ማንም የማይሰማቸው አገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ገዢ ይሆናሉ። የክትባቱ ዋጋ ባይቀንስም የሚገዛው ዶዝ በቁጥር ሲያንስ ይህ አሠራር ይቀለዋል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ክትባቱ ደስ ይላል፣ ፎቶ ያምራል፣ ሚኒስትር ይመጣል። የሚያድነው ግን ከ20 ዓመት በኋላ የምትታመመውን ነው። ዛሬ 40 ዓመት የሆናት የፊጂ ሴት ክትባቱ ሲመጣ አልፏታል። ለእሷ ያለው ምርመራና ሕክምና ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዕቅድ ሦስት ቁጥር አለው፦ ከልጃገረዶች 90 በመቶው በ15 ዓመታቸው እንዲከተቡ፣ ከሴቶች 70 በመቶው በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ፣ በሽታው ከተገኘባቸው 90 በመቶው እንዲታከሙ፤ ሁሉም እስከ 2030 እ.ኤ.አ.። ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ይይዝና ሌሎቹን ይረሳል።

ምርመራውም ቢሆን መንገዱ አሁን አጥሯል። የማህፀን በሩን በሆምጣጤ መሰል አሴቲክ አሲድ ቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ ነጭ የሚሆን ቦታ መኖሩን ማየት ይቻላል፤ ማይክሮስኮፕ አይፈልግም፣ ሴትየዋም ውጤቷን ሳትነሣ ትሰማለች፣ ካለ እዚያው ሊታከም ይችላል። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ የቫይረሱ ምርመራ ነው፤ ሴትየዋ ናሙናውን ራሷ መጋረጃ ጀርባ ሆና ትወስዳለች። ለደሴት የተሠራ ይመስላል። የጨረር ሕክምናው ግን አሁንም ከባድ ነው። ማሽኑን መግዛት ብቻ አይደለም፤ የሚያስተካክለው ኢንጂነር፣ መጠኑን የሚያሰላው የፊዚክስ ባለሙያ፣ የማይቆራረጥ መብራት። አንድ ዕቃ ሲሰበር መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ታካሚዋ አልጋ ላይ ነች። ለአንድ ሚሊዮን ሰው ይህን ሁሉ ማቆም አዋጭ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔ ግን በየዓመቱ ሰው ለመላክ የሚወጣው ገንዘብና ሳይላኩ የቀሩት ሴቶች አብረው ካልተቆጠሩ ሒሳቡ ጎደሎ ነው እላለሁ።

በ2008 እና በ2009 እ.ኤ.አ. ተሰልፈው ክንዳቸውን የሰጡት ልጃገረዶች፣ ታላላቆቹ አሁን 30 ዓመት እየሞላቸው ነው። 30 ዓመት የመጀመሪያው ምርመራ የሚጀመርበት ዕድሜ ነው። ክትባት ስለወሰዱ ምርመራው አይቀርላቸውም፤ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነት አይሸፍንም።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ቡና ላይ ነገርኳት። ፊጂ የት እንደሆነች ስልክ ላይ አሳየኋት፣ በጣቷ አጉልታ አየቻት። የልጆቹን ነገር ስትሰማ ደስ አላት። "እንግዲህ የትንሿ ሙሉ ነው በይኛ" አለች። ከዚያ ሲኒዋን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለችና፣ "እኔስ?" አለችኝ።

41 ዓመቷ ነው። አንድም ቀን ተመርምራ አታውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።